ሦስቴ ቆጠርን

ቬርሞንት ነው አገሩ፤ ከሰው ላም ይበዛል፣
ወሬ እንደ ማገዶ ለክረምት ይያዛል፤
ሰው ከሰው ሲገናኝ አገጩን ነቅንቆ፣
ያልፋል በጭቃው ላይ ቃሉን ተጠንቅቆ።

ከመቶ ዓመት በላይ፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር፣
ለዝሆን ነው ድምፁ፤ ነገሩ አይደል ምስጢር፤
እንደ አባት መሬት፣ እንደ ድንጋይ አጥር
ይወረሳል ፓርቲው፣ አይጠየቅ ነበር።

ለአህያው ድምፅ የሚሰጥማ በጣት ይቆጠራል፦
ከካናዳ የመጡት፣ በፈረንሳይኛ የሚጸልዩት፣
የትምህርት ቤቷ መምህር፣
አንድ ድንጋይ ፈላጭ፣ እሱም ካልሰከረ።
ሃያ ሰው። ሃያ አንድ፣ ከበዛ።

እኔ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ፤ ከቨርና ጋር ቆጣሪ፤
ቨርና የመንደሩ ጸሐፊ፣ የልደት የሞቱን መዝጋቢ፣ የውሻ ፈቃድ አዳሪ አሳዳሪ።
1964፣ ኖቬምበር ሦስት። የአዳራሹ ሽታ እርጥብ ሱፍ፤
ሳጥኑን ገለበጥን፤ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ሲነጠፍ
ምድጃው ውስጥ የሜፕል ፍልጥ ጮኸ።

«ዝሆን» ትላለች ቨርና። «ዝሆን።» ከዚያ «አህያ»።
«አህያ።» «አህያ።» ድምጿ እየሰለለ፣
የግራው ክምር ከቀኙ እኩል ሆነ፤ አለፈው፤ ቆይቶም አላቆመ።
መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «ተሳስተናል» አለች፤ «እንደገና።»

ሦስቴ ቆጠርን። ሦስቴም ያው።
መቶ ሠላሳ አንድ ለአህያው፣
ሰባ አራት ለዝሆኑ። አንድ ወረቀት ባዶ፣
እርሳስ ያልነካው፣ እንደ በረዶ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት።
ከአህያው ጎን አንድ ኤክስ፣ ወደ ቀኝ ተንጋዶ፣
አንድ እግሩ አጥሮ፣ ሌላው ረዝሞ፣ ወረቀቱን ቀዶ።
የሆሊስ ታርቦክስ እጅ ነው፤ አመልካች ጣቱን የገለባ መቁረጫ በልቶበት
እርሳስ የሚይዘው በቡጢ ነው፣ እንደ መዶሻ ጨብጦት፤
በወተት ደረሰኝ ላይ በየሳምንቱ የማየው ምልክት።

ሆሊስ! አርባ ዓመት የፓርቲው ሊቀ መንበር፣
ያያቱን የጦር ሜዳ ጠመንጃ ከምድጃው በላይ የሰቀለ፣
የዝሆን ሥዕል የለጠፈ በቤቱ በር።

ለምን? እኔ ምን አውቃለሁ።
ምናልባት ያ ነጭ ካፖርት የለበሰ፣
በበጋው ወተቱን በጠርሙስ ወስዶ፣ በደብዳቤ የመለሰ፦
«ሩቅ በረሃ የፈነዳ ቦምብ፣ አመዱ በነፋስ ተጉዞ
ሣርዎ ላይ ወርዷል፤ ላሞችዎ ግጠውታል፤ መጠኑ ግን ጥቂት ነው።»
ሆሊስ ደብዳቤውን በረቱ በር ላይ በሚስማር መታው።
በሬዲዮ ደግሞ ስለ ቦምብ ሲያወሩ፣ እንደ ነገ ዝናብ ነበር።
ወይም በሌላ ነገር ተናዶ ይሆናል፤ ሰው የሚናደድበት አያጣም።

ቨርና ያየሁትን አየች። ወረቀቱን ገለበጠችው፣
ከክምሩ መሀል ሸጎጠችው።
«ድምፁ» አለች «የሰጪው ነው፤
የኛ ቁጥሩ ነው።»

በማግስቱ፣ ሚስማርና ስኳር ባንድ ሚዛን በሚሸጥበት ሱቅ፣
«መቶ ዓመት ያልሆነው ሆነ» ይላል ጋዜጣው፣ በትልቅ ፊደል፤
ሆሊስ ገልጦ ያነባል የከብት ዋጋ ያለበትን ክፍል።
«ማን ይሆን?» አለ ባለሱቁ፣ ከጣሪያው ጋር እንደሚያወራ።
«ከተሜዎቹ ናቸዋ» አለ አንዱ።
ሆሊስ «በረዶ ሊጥል ነው» አለ፣ ወደ ተራራ
እያየ።

ድምፁን ሰጥቷላ። ሰጥቶ የጨረሰ ምን ያወራል?
ያቺ ባዶዋ ወረቀት ግን የኔ ነበረች፤
ያልሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው በስተርጅና ያስለፈልፈኛል።

የዝሆኑ ሥዕል ክረምቱን በሩ ላይ ከረመ።
በሚያዝያ፣ ጭቃው ሲለሰልስ፣ ደረሰኝ ላስፈርም ሄጄ አየሁት፤
ዝናብ አጥቦት ኩምቢው ብቻ ቀርቷል።
እሱም አልነቀለው፤ እኔም አልጠየቅሁት።